ውይይት ነው ወይስ ገለጻ? የወንበር አደራደር በስብሰባ ላይ የሚያመጣው ለውጥ

ዜናው «ከነዋሪዎች ጋር ውይይት ተካሄደ» ይላል። አብሮት የሚመጣው ፎቶ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። ከፍ ያለ መድረክ አለ። መድረኩ ላይ ጨርቅ የለበሰ ረጅም ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው ጀርባ አራት አምስት ሰው፣ ፊታቸው የታሸገ ውሃና የፕላስቲክ አበባ። ከታች ተሰብሳቢው ረድፍ ይዞ ተቀምጧል። ፎቶው ከኋላ የተነሳ ከሆነ የሚታየው ማጅራት ብቻ ነው።

ከዚያ ክርክሩ ይነሳል። አዘጋጁ «አወያይተናል» ይላል። ተሰብሳቢው «ተነገረን እንጂ መቼ ተወያየን?» ይላል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም አይዋሹም። አዘጋጁ ጊዜ መድቧል፣ ማይክ አዙሯል፣ ቃለ ጉባኤ አስይዟል። ተሰብሳቢው ደግሞ ጠዋት ገብቶ ቀትር ላይ ሲወጣ፣ ከጎኑ ከተቀመጠው ሰው ጋር እንኳ አንድ ቁም ነገር አላወራም።

የአገራዊ ምክክር ኮሚሽን በአዋጅ ቁጥር 1265/2014 ከተቋቋመ ወዲህ «ምክክር» የሚለው ቃል ከአፍ አይጠፋም። «ውይይት»፣ «ምክክር» እና «ገለጻ» ግን በየመድረኩ ሲደበላለቁ ይታያል። ሐዋሳ ላይ ነገሩ የቅርብ ነው። ከተማዋ ለረጅም ዓመታት የቀድሞው የደቡብ ክልል መቀመጫ ነበረች። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃም የመሥሪያ ቤቶችና የድርጅቶች ስብሰባ ሲበዛባት የኖረች ናት። እዚህ ስብሰባ ራሱን የቻለ የሥራ ዘርፍ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አንድ ስብሰባ ውይይት የሚሆነው ወይም ገለጻ ሆኖ የሚቀረው በብዙ ምክንያት ነው። ሥልጣን አለ፣ ጊዜ አለ፣ የአጀንዳው ባለቤት ማን ነው የሚለው አለ። ከሁሉም ቀድሞ የሚወሰነው ግን የወንበሩ አደራደር ነው፤ ያውም ብዙ ጊዜ ባለቤት በሌለው ውሳኔ።

ራሱን በራሱ የሚያደራጅ ስብሰባ

ስሙ ከባድ ይመስላል እንጂ ነገሩን እናውቀዋለን። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ሰዎች ሦስት አራት እየሆኑ ያወራሉ። አጀንዳ የሰጣቸው የለም። አንዱ ከዚህ ተነስቶ እዚያ ይቀመጣል። ጨዋታው የያዘው ይቆያል፣ ያልያዘው ሌላ ሰው ሰላም ለማለት ብሎ ይነሳል። ሲመሽ የሠፈሩ ወሬ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ፣ የዕድሩ መዋጮ፣ የተበላሸው የውሃ መስመር ሁሉም ተነስቶ ያድራል።

ራሱን በራሱ የሚያደራጅ ስብሰባ ይህን ልማድ ወደ ሥራ ያመጣዋል። አጀንዳውን የሚያወጡት ተሰብሳቢዎቹ ናቸው። ቡድኑን የሚመርጡትም እነሱ ናቸው። አወያይ ይኖራል፤ ሥራው ግን በሩን መክፈትና ሰዓት መጠበቅ ነው።

ከእነዚህ መካከል በጣም የታወቀው «ኦፕን ስፔስ» ይባላል። በአማርኛ «ክፍት መድረክ» ብንለው ያስኬዳል። የጀመረው አሜሪካዊው ሃሪሰን ኦወን ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 አንድ ትልቅ ዓለም አቀፍ ጉባኤ አዘጋጀ። ዝግጅቱ ዓመት ፈጀበት። ሲያልቅ ግን እንግዶቹ ከሁሉ አብልጠው የወደዱት የቡና ዕረፍቱን ሆኖ ተገኘ። እሱ ምንም ያልደከመበትን ማለት ነው። በ1985 ሌላ ጉባኤ ሲጠራ አስቀድሞ የተጻፈ አጀንዳ አልነበረውም። ኦወን ለሐሳቡ መነሻ ከሆኑት አንዱ በ1960ዎቹ ላይቤሪያ ውስጥ ባላማ በተባለች መንደር ያየው በዓልና የመንደሯ የክብ አሠራር እንደሆነም ጽፏል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ወንበሮች በክብ ይደረደራሉ። መሃሉ ባዶ ይተዋል፤ ወለሉ ላይ ወረቀትና ማርከር ይቀመጣል። ጉዳይ ያለው ሰው ተነስቶ መሃል ይገባል፣ ጉዳዩን ይጽፋል፣ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ወረቀቱን ከሰዓትና ከቦታ ጋር ግድግዳ ላይ ይለጥፋል። ግድግዳው ሲሞላ ሁሉም ተነስቶ ገበያ እንደወጣ ሰው እየዞረ የሚፈልገውን ይመርጣል። ከዚያ አንድ ሕግ አለ፤ «የሁለት እግር ሕግ» ይሉታል። የምትማርበትም የምትጠቅምበትም ነገር ከሌለ፣ እግርህን ተጠቅመህ ወደ ሌላ ቡድን ሂድ ነው ሕጉ።

ሌላው «ወርልድ ካፌ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሁዋኒታ ብራውንና ዴቪድ አይዛክስ ቤት ተጀመረ። ያን ቀን ዝናብ ነበር፤ ውጭ መቀመጥ ስላልተቻለ ሳሎን ውስጥ ትናንሽ ጠረጴዛ አወጡ፣ ወረቀት አለበሷቸው። እንግዶቹ እያወሩ ወረቀቱ ላይ መጻፍ ጀመሩ። አሁን አሠራሩ ይኸው ነው። በየጠረጴዛው አራት ወይም አምስት ሰው ይቀመጣል፣ ሃያ ደቂቃ ገደማ ያወራል፣ ከዚያ አንድ ሰው ብቻ ባለቤት ሆኖ ይቀርና ሌላው ወደ ሌላ ጠረጴዛ ይዞራል።

አሁን ወደዚያ ፎቶ እንመለስ። አዳራሹ ባዶ መሃል የለውም። ግድግዳውን ባነር ይዞታል። ረድፍ መሃል የተቀመጠ ሰው መውጣት ቢፈልግ ስምንት ሰው ጉልበት አልፎ፣ ስምንት ጊዜ «ይቅርታ» ብሎ፣ ሁሉም እያየው ነው የሚወጣው። የሁለት እግር ሕግ እዚህ አይሠራም፤ እግር ማለፊያ የለም።

ወንበር ሰውን ዝም የሚያሰኘው እንዴት ነው?

ይህ የስሜት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስል የተጠና ነገር አለው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሐኪሙ ሃምፍሪ ኦዝመንድ ካናዳ፣ ሳስካቸዋን ግዛት፣ ዌይበርን ከተማ የሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ይመራ ነበር። በ1957 ለክፍሎች ሁለት ስም አወጣ። ሰውን ወደ ሰው የሚስበውን ክፍል «ሶሺዮፔታል»፣ ሰውን ከሰው የሚያርቀውን «ሶሺዮፉጋል» አለው። የመጀመሪያውን ሰብሳቢ፣ ሁለተኛውን በታኝ እንበላቸው። የቡና ረከቦት ዙሪያ ሰብሳቢ ነው። የአውቶቡስ መናኸሪያ መጠበቂያ በታኝ ነው።

ከኦዝመንድ ጋር የሠራው የሥነ ልቦና ባለሙያ ሮበርት ሶመር አንድ የአረጋውያን ሴቶች ክፍል አጠና። ክፍሉ ታድሷል፣ ቀለም ተቀብቷል፣ አዳዲስ ወንበር ገብቶለታል። ሴቶቹ ግን ቀኑን ሙሉ አያወሩም። ወንበሮቹ ግድግዳ ተደግፈው ትከሻ ለትከሻ ተደርድረዋል። ሶመር ወንበሮቹን በትናንሽ ጠረጴዛዎች ዙሪያ አደረጋቸው። መጀመሪያ የሆነው ነገር ያስቃል፤ ወንበሮቹ ተመልሰው ግድግዳ ይዘው ተገኙ። ክፍሉ የለመደው እሱን ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን በሴቶቹ መካከል የነበረው ንግግር እጥፍ ገደማ ሆነ።

ቁልፉ ዓይን ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 የታተመ የበርናርድ ስታይንዞር ጥናት በክብ የተቀመጡ ቡድኖችን ተከታትሎ ነበር። አንድ ሰው ተናግሮ ሲጨርስ ቀጥሎ የሚናገረው ከጎኑ ካለው ይልቅ ፊት ለፊቱ ያለው ሆኖ ተገኘ። የምታየው ሰው ቅንድቡን ሲያነሳ፣ ራሱን ሲነቀንቅ፣ አፉን ሊከፍት ሲል ይታወቅሃል። ለዚያ ነው የምትመልሰው።

በረድፍ ግን የሚታየው ፊት አንድ ብቻ ነው፤ የመድረኩ። ስለዚህ ንግግሩ ሁሉ ወደ መድረክ ይሄዳል። ሦስተኛ ረድፍ ያለችው ሴት ሰባተኛ ረድፍ ላለው ሰው መልስ ቢኖራት እንኳ «ሰብሳቢያችን፣ ቅድም የተነሳውን በተመለከተ…» ብላ ነው የምትጀምረው። በቁጥር ሲታይ ደግሞ 30 ሰው ክፍል ውስጥ ቢኖር ሁለት ሁለት እየሆኑ ሊነጋገሩ የሚችሉበት መንገድ 435 ነው። ረድፉ ከእነዚህ ውስጥ ሰውና መድረክ የሚገናኙባቸውን ጥቂት መስመሮች ትቶ ሌላውን ይዘጋል።

ርቀትም አለ። አሜሪካዊው የሥነ ሰብ አጥኚ ኤድዋርድ ሆል «ፕሮክሴሚክስ» ለሚባለው፣ በሰዎች መካከል ያለ ርቀትን ለሚያጠናው ዘርፍ መሠረት የጣለ ነው። በእሱ አከፋፈል የሥራና የማኅበራዊ ጨዋታ ርቀት ከ1.2 እስከ 3.6 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ሲያልፍ ጨዋታው ንግግር ይሆናል። ሰው ይነሳል፣ ድምፁን ያጎላል፣ ቃል ይመርጣል። ብዙ አዳራሾቻችን ውስጥ የመጀመሪያው ረድፍ ራሱ ከመድረኩ አራት ሜትር በላይ ይርቃል፤ እሱም ለክቡራን እንግዶች የተያዘ ነው። «የውሃ መስመራችን ተበላሽቷል» ለማለት የመጣ ሰው በዚያ ርቀት ሲናገር ሳያስበው «በመጀመሪያ ይህንን መድረክ ላዘጋጃችሁልን…» እያለ ይቆያል። ውሃው ሲደርስ ሰዓቱ አልቋል።

የጠረጴዛ ራስ ላይ መቀመጥም የራሱ ኃይል አለው። እ.ኤ.አ. በ1961 ስትሮድቤክና ሁክ ያሳተሙት የአሜሪካ ጥናት ባለ 12 ሰው የዳኝነት ሸንጎዎችን አይቶ፣ በረጅሙ ጠረጴዛ ሁለት ጫፎች የሚቀመጡ ሰዎች ሰብሳቢ ሆነው የመመረጥ ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አገኘ። ወንበሩ ነው ሰውየውን ያገነነው ወይስ መግነን የለመደው ሰው ነው ወንበሩን የመረጠው? ሁለቱም ያስኬዳል። ጥናቱ ራሱ ማኅበራዊ ደረጃቸው ከፍ ያሉት ወደ ጫፉ ወንበር እንደሚያዘነብሉ አይቷል።

ነገሩን ተራ ነው የሚል ካለ የፓሪሱን ድርድር ያስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1968 መጨረሻና በ1969 መጀመሪያ የቬትናም ጦርነት ተደራዳሪዎች ሳምንታት ያለቁባቸው በጠረጴዛው ቅርጽ ላይ ነው። የጠረጴዛው ቅርጽ ማን ተደራዳሪ፣ ማን አጃቢ እንደሆነ ይናገር ነበር። በመጨረሻ የተስማሙት በአንድ ክብ ጠረጴዛና ከጎንና ከጎኑ በተቀመጡ ሁለት አነስተኛ ባለ አራት ማዕዘን ጠረጴዛዎች ነው።

ክብ ሁሉ እኩል አይደለም

ሐዋሳ ላይ ተቀምጦ ስለ ክብ አቀማመጥ ከካናዳ መጀመር ትንሽ ያሳፍራል። የሲዳማ ሶንጎ እዚሁ አለ። ሶንጎ ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው ጉዳይ የሚያዩበት ሸንጎ ነው። አብሮት የሚነሳው አፊኒ ነው። አፊኒ በሲዳምኛ «ሰማችሁ ወይ?» እንደማለት ነው። ጉዳይ ተሰምቶ፣ ወገን ሁሉ ተናግሮ፣ ነገሩ ተመክሮበት ነው ወደ ውሳኔ የሚኬደው። ቃሉ ራሱ ጥያቄ መሆኑን ልብ ይሏል። «ሰማችሁ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የሰሚውን ፊት ማየት አለበት፤ ማጅራትን «ሰማህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይቻልም።

ሐይቁ ዳር ያለው ጉዱማሌ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የተመዘገበው ፍቼ ጨምበላላ የሚከበርበት ሜዳ፣ ሌላ ምሳሌ ነው። ሰው እዚያ የሚሰበሰበው በወንበር ቁጥር አይደለም። ይሰፋል፣ ይጠባል፣ ክብ ይሠራል፣ ይበተናል።

ይሁንና ከዚህ ተነስቶ «ክብ የእኛ ነው፣ ክብ እኩልነት ነው» ማለት ነገሩን ማቅለል ይሆናል። በባህላዊው ሶንጎ የሚቀመጡት በዋናነት ወንድ ሽማግሌዎች ናቸው። ዕድሜና ማዕረግ ቦታ አላቸው። የሲዳማ ሴቶች በደል ሲደርስባቸው የሚሰባሰቡበት ያካ የሚባል የራሳቸው ሥርዓት መኖሩ፣ ዋናው ክብ ሁሉንም እኩል እንደማያስቀምጥ ያሳያል።

ሌላውም ኢትዮጵያዊ ቤት እንዲሁ ነው። ትልቅ ሰው ሲገባ «ኖር!» ተብሎ ይነሳለታል። ከበሩ ራቅ ያለው፣ መደገፊያ ያለው ወንበር ይለቀቅለታል። «እዚህ እሆናለሁ» ቢል ማን ሰምቶት! ወንበሮቹ በክብ ቢሆኑም ክቡ ራስ ያወጣል። የመሥሪያ ቤት ኃላፊም እንዲሁ ነው። እሱ የተቀመጠበት የክቡ ራስ ይሆናል፤ ከግራና ከቀኙ ምክትሎቹ፣ ትይዩው ደግሞ ባዶ ወንበር፤ ማንም ፊት ለፊት መግጠም ስለማይፈልግ። ስክሪን ሲጨመር የክቡ ራስ ወደዚያ ይዞራል።

ስለዚህ ክብ የሚሠራው ከሌላ ነገር ጋር ነው። ኃላፊው ዘግይቶ ገብቶ ባገኘው ወንበር ቢቀመጥ፣ ወይም ሰው ትልቁ ክብ ውስጥ ከመናገሩ በፊት ሁለት ሁለት ሆኖ ቢያወራ፣ የክቡ ራስ ጉልበት ይቀንሳል።

የሐዋሳ አዳራሽ ምን ይፈቅዳል?

ስብሰባው ሊደረግ አንድ ቀን ሲቀረው ሆቴሉ ደውሎ ይጠይቃል፤ «ዩ ሼፕ ይሁን ክላስሩም?» ይህቺ ጥያቄ ቀላል ትመስላለች። «ክላስሩም» ማለት ጠረጴዛ ያለው ረድፍ ነው። «ቲያትር» ጠረጴዛ የሌለው ረድፍ ነው። «ዩ ሼፕ» የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ነው፤ አንዱ ጎን ለአቅራቢው ክፍት ነው። «ባንኬት» ክብ ጠረጴዛ ነው። ስልኩን የሚያነሳው ብዙ ጊዜ የግዢ ወይም የሎጂስቲክስ ሰው ነው። ስብሰባው ለምን እንደተጠራ የሚያውቀው ሌላ ሰው ነው። ሰውየው «ስንት ሰው ነው?» ይባላል፣ «ስልሳ» ይላል፣ «እንግዲያው ክላስሩም» ተብሎ ይዘጋል።

የሆቴሉ ሰው ምክንያት አለው። አንድ ሰው ወንበር ላይ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ይይዛል። ስልሳ ሰው በአንድ ክብ ሲቀመጥ ዙሪያው 36 ሜትር፣ ከዳር እስከ ዳር 11 ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል። ከጀርባ ማለፊያ ሲተው 14 በ14 ሜትር ክፍል ይፈልጋል፤ 196 ካሬ ሜትር። እነዚያው ስልሳ ሰዎች ጠረጴዛ በሌለው ረድፍ 60 ካሬ ሜትር ገደማ ላይ ይቀመጣሉ። ሁለት መቶ ሰው በአንድ ክብ ማድረግማ አይታሰብም። ከዳር እስከ ዳር 38 ሜትር ይሆናል፤ የቅርጫት ኳስ ሜዳ ርዝመት 28 ሜትር ነው። መፍትሔው ክብ በክብ ውስጥ ነው። ውስጥ 54፣ መሃል 66፣ ውጭ 80 ሰው ቢቀመጥ፣ መግቢያ መንገዶች ተትተውለት 17 ሜትር ገደማ ይበቃዋል።

አንድ የሚገርም ነገር አለ። ክብ ጠረጴዛዎቹ ሆቴሉ ውስጥ አሉ። መጋዘን ናቸው። የሚወጡት ቅዳሜ ለሰርግ ነው። ሆኖም እነሱም ቢወጡ ሁሉን አይፈቱም። አሥር ሰው የሚያስቀምጠው የሰርግ ጠረጴዛ ስፋቱ 1.8 ሜትር ገደማ ነው። መሃሉ ላይ ውሃና አበባ ሲቆም፣ አዳራሹም ሲንጫጫ፣ ትይዩ ያለውን ሰው መስማት ያቅታል። ሰው ከጎኑ ካለው ጋር ብቻ ያወራና አሥሩ ሰው ወደ ሦስት ወሬ ይከፈላል። ለሥራ ውይይት ከአምስት እስከ ስድስት ሰው የሚይዝ ጠረጴዛ፣ ወይም ጨርሶ ጠረጴዛ የሌለው ወንበር ይሻላል።

ድምፅም አለ። ክረምት ላይ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሚሰበሰብ ዕድር ዝናቡ ሲጀምር ስብሰባውን ያቆማል። ማቆም ባይፈልግም ያቆማል፤ ምንም አይሰማም። በዚያ ሰዓት የሚያዋጣው ትንሽ ቡድን ነው። ጉልበት ለጉልበት የተጠጉ አምስት ሰዎች ዝናብም አይበግራቸውም። የዕድሩ አግዳሚ ወንበር ከባድ ነው፤ ለማዞር ሁለት ሰው ይፈልጋል። ግን አራት አግዳሚ አራት ማዕዘን ሠርቶ ሊቀመጥ ይችላል። ረድፍ የሚሆነው ትናንት ረድፍ ስለነበረ ነው።

ሐዋሳ ከብዙ ከተማ የምትሻልበት ነገር ደጇ ነው። ራሱን በራሱ የሚያደራጅ ስብሰባ ትልቅ አዳራሽ ብቻውን አይበቃውም፤ ትናንሽ ማዕዘኖች ይፈልጋል። ሐይቁ ዳር ያሉ ሆቴሎች ሣር አላቸው፣ የዛፍ ጥላ አላቸው። ፍቅር ሐይቅ ዳር ዛፍ ሥር አምስት ወንበር ከቧልት ሌላ ለቁም ነገርም ይሆናል። ችግሩም የታወቀ ነው። ነፋስ ሲነሳ ወረቀቱን ይበትነዋል፤ ወረቀት መጫኛ ድንጋይ ይያዝ። ጦጣዎቹ ደግሞ ለሻይ የቀረበውን ብስኩት ከሰው ቀድመው ያያሉ። ሲመሽ ቢንቢ አለ። ከአዳራሽ ውጭ የሚደረግ ውይይት እስከ 11 ሰዓት ቢያልቅ ይመረጣል።

«ወንበር ምን ያመጣል?» የሚሉት

አንዱ ተቃውሞ ከባድ ነው። ውሳኔው አስቀድሞ ካለቀ ወንበር ማዞር ማስመሰል ነው ይላል። እውነት አለው። እንዲያውም ክብ ሠርቶ፣ ወረቀት አስለጥፎ፣ በመጨረሻ የተዘጋጀ የአቋም መግለጫ የሚያነብ ስብሰባ ከተራው ረድፍ የከፋ ነው። በረድፍ የተቀመጠ ሰው ሊሰማ እንደመጣ ያውቃል። በክብ የተቀመጠው ሐሳቡን አውጥቷል፤ ሲጣልበት ይበልጥ ይከፋዋል። ሁለተኛ ሲጠራም አይመጣም።

ሌላው ተቃውሞ ተቃራኒ ነው። ረድፍ ይሻላል፣ ሰው ይከለላል ይላል። ይህም የሚናቅ አይደለም። ክብ ውስጥ ዝምታም ይታያል። አለቃዋ ትይዩ የተቀመጠች ሠራተኛ፣ አማቱ ፊት የተቀመጠ ሙሽራ፣ ማን ምን እንዳለ ይመዘገባል ብሎ የሚፈራ ነዋሪ፣ ክብ ውስጥ የበለጠ ሊጨነቅ ይችላል። ለእነዚህ ሰዎች አነስ ያለ ቡድንና መጀመሪያ በወረቀት ጽፎ መጀመር ከክቡ ራሱ ይበልጥ ይረዳል።

ሦስተኛው የሥራ ክርክር ነው። አዲስ የግብር መመሪያ ለሁለት መቶ ነጋዴ ለማስረዳት ክብ ምን ያደርጋል? ምንም። ለዚያ ረድፍ ትክክል ነው። ገለጻ ነውር አይደለም። ችግር የሚመጣው ገለጻ ተደርጎ ውይይት ሲባል ነው። የሰዓቱ ስሌትም ይህንኑ ያሳያል። አርባ ሰው ለሁለት ሰዓት ይጠራ እንበል። አንድ ሰዓት በመክፈቻና በገለጻ ያልቃል። ቀሪው አንድ ሰዓት በአንድ ማይክ ለአርባው ቢካፈል ለአንድ ሰው አንድ ደቂቃ ተኩል ይደርሳል። በተግባር ስድስት ሰው አሥር አሥር ደቂቃ ይናገርና ሠላሳ አራቱ ያዳምጣል። ያው አርባ ሰው አምስት አምስት ሆኖ ቢቀመጥ ግን ለእያንዳንዱ 12 ደቂቃ አለ። ማይክም አይፈልግም፣ መብራት ቢጠፋም አይቋረጥም።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ በጨዋታ ካልሆነ ብዙም አይነሳም። አበል። የሁለት እግር ሕግ «ካልጠቀመህ ተነስተህ ሂድ» ይላል። የአበል መፈረሚያው ግን ማታ በሩ ላይ ነው። ስም የሚጠራው ሰውም ማን ገባ ማን ወጣ እያለ ይቆጥራል። እንዲህ ባለ ስብሰባ ውስጥ ሰው ከቡድን ቡድን ሲዘዋወር እንደ ቀሪ ይታያል። እዚህ ከወንበሩ ይልቅ መለወጥ ያለበት የአበል መዝገቡ ነው። ጠዋት ተፈርሞ ቢያልቅ፣ ከቀትር በኋላ ሰው ዛፍ ሥር መቀመጥ አይፈራም።

ወደፊት የሚከተለው

በየከተማው አዳዲስ አዳራሾች ይሠራሉ፤ ሐዋሳም ውስጥ እንዲሁ። ወለሉ ወደ መድረክ ያዘቀዘቀ፣ ወንበሩ በብሎን የተመታ አዳራሽ ለቴአትር፣ ለምረቃ፣ ለኮንሰርት ያማረ ነው። ለምክክር ግን ዝግ ነው። ብሎኑ ከተመታ በኋላ «በክብ እንቀመጥ» የሚል ሰው ቢመጣ የሚያዞረው ነገር አያገኝም። ዲዛይን ላይ እያለ ግን ወለሉን ሜዳ አድርጎ፣ ተደራራቢ ወንበር ገዝቶ፣ አንዱን ግድግዳ ወረቀት እንዲለጠፍበት ባዶ መተው ከብሎኑ ርካሽ ነው። አጠገቡ አራት ትናንሽ ክፍል ቢኖሩት ደግሞ ያው አዳራሽ ምክክርንም ምረቃንም ያስተናግዳል።

ላሉት አዳራሾች ግን ነገሩ ከግንባታ ይልቅ ስልክ ላይ ነው። አዳራሹ ዓርብ ክብ ቢሆንም ቅዳሜ ሰርግ አለው። እሑድ ማታ የሆቴሉ ልጆች የሰርጉን ጠረጴዛ ወደ መጋዘን ይመልሱና ለሰኞው ስብሰባ ወንበር ማውጣት ይጀምራሉ። ያን ሰዓት «በክብ አድርጉልን» ብሎ የደወለ ሰው ከሌለ፣ ወንበሩ ረድፍ ይሆናል።